ከአጥሩ ውጭ የቆመው በገና ሠሪ

«መጀመሪያ ያለውን ንገረኝ፤ ቁጣው የትም አይሄድብህም።»

የጋሽ ንጋቱ አባት ይህችን ቃል ሳይናገር የዋለበት ቀን አልነበረም። ጎረቤት ተሰደብኩ ብሎ ቢመጣ፣ ወንድሙ ዳኛ በደለኝ ብሎ ቢያለቅስ፣ ሌላ መልስ አልነበረውም። ጋሽ ንጋቱ በልጅነቱ ቃሏ ትሰለቸው ነበር። አሁን ግን ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ በከተማው ትያትር ቤት በር ጠባቂም የመድረክ አናጢም ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በእሱ በራሱ አፍ ላይ ለምዳ ተገኘች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግም ነበር። ማንበብ ስለማይፈጥንለት በጣቱ እየተከተለ ነው የሚደግመው። የወሩን ትያትር የጻፈችው ምንትዋብ ጋዜጣ በብብቷ ይዛ እየተጣደፈች መጣች።

«ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ ገብተዋል?»

«መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል።»

«እንደምን አደሩ። ገብተዋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አልገቡም። ምነው?»

«ትያትሬን ከመድረክ አውርዱልኝ ልላቸው ነው። ዛሬ የስምንት ሰዓቱ እንዳይታይ። ከእንግዲህም እንዳይታይ።»

ጋሽ ንጋቱ የደረሰበት መስመር እንዳይጠፋው ጣቱን ዳዊቱ ላይ እንዳሳረፈ ቀና አለ። «ምን ተገኘ?»

«ይሄ ተገኘ!» ጋዜጣውን አግዳሚው ላይ ወረወረችው። «ሐያሲ ተብዬው ጻፈብኝ።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«ገደለኝ!»

«ያደረገሽን አይደለም የጠየቅኩሽ። መጀመሪያ ያለውን ንገሪኝ፤ ቁጣው የትም አይሄድብሽም።»

«ተዘርፈናል ነው የሚለው። ተመልካቹ ተዘርፏል! እስቲ ይፍረዱ፣ ጋሼ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይቀራል? እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያነባል!»

ጋሽ ንጋቱ ወደ ሰማይ አየና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶታል። በዚህችው አግዳሚ ላይ ስንቱ ደራሲ ተቀምጦ ስንቱን እንባ እንዳፈሰሰ እሱና አምላኩ ያውቃሉ። አንዱ «ጥሩ ጅምር» ተብሎ ቢጻፍለት ንቀውኛል ብሎ ሁለት ቀን ምግብ አልቀምስም አለ። ሌላው ደግሞ «ደፋር ሙከራ» ተብሎ ሲጻፍለት በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ፤ ምስኪን፣ በትህትና ወድቀሃል መባሉ አልገባውም ነበር። ሁሉም ጋዜጣውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሁሉም አንዲቱን ጥያቄ ይጠይቃሉ። እሷም ጠየቀች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ያዩ ሰው ነዎት። እስቲ ይንገሩኝ፤ ይሄ ሰው ትያትሬን ወድዶታል ወይስ ጠልቶታል? በአንድ ቃል። እሱን ብቻ ልወቅና ልረፍ።»

«በአንድ ቃል! አይ እናንተ! ሰውየው ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ እናንተ አንድ ቃል። ምናለ ታዲያ እሱም አንድ ቃል ጽፎ ወደ ቤቱ ቢሄድ? ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሂስ የሚባለውን በትምህርት አላውቀውም። የማውቀውን ነው የምነግርሽ።»

ዳዊቱን ተሳልሞ ዘጋና ጀመረ።

በገና የሚሠራ ሰው ነበረ። እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ሆዱ ግን ቶሎ ይከፋዋል። አንድ ዓመት የደብሩ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወደቀና ከግንዱ ቁራጭ ደረሰው። እንዲህ ያለ እንጨት ሰው በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው። ሁለት ዓመት በጥላ አደረቀው። በሦስተኛው ዓመት መጥረቢያና መሮውን ስሎ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ሥራውን ጀመረ። ገበቴውን ቦረቦረ፣ የበሬ ቆዳ አለበሰው፣ ሁለቱን ምሰሶ አቆመ፣ ቀንበሩን ጫነበት። ከበግ አንጀት ያከረራቸውን አሥር አውታሮች ዘረጋ። ሌላ ሥራ አልሠራም። ሚስቱ ማገዶ ፍለጥልኝ ብትለው እንኳ በዚያ መጥረቢያ አይሆንም ይላት ነበር።

በመጨረሻ የቀረው እንዚራው ነው። እንዚራ ማለት ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባ የጥፍር ታህል ቆዳ ናት። በገና ያን የሚንዘረዘር ድምፁን የሚያገኘው ከእሷ ነው። ስትወፍር አውታሩን ታንቀዋለች፤ ስትሳሳ ደግሞ ታስጮኸዋለች። ሰውየው አሥሩንም ከአንድ ቆዳ ቆረጠ፤ እያራሰ፣ እየፋቀ፣ እያደረቀ፣ ሦስት ሳምንት ደከመባቸው።

በገናው ለሰው በሚቀርብበት ቀን ማለዳ ሊገጥማቸው ቢነሳ፣ ዘጠኝ ናቸው። አንዷን አይጥ በልታታለች። የአይጥ ጥርስ ያረፈበት ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ምን ያድርግ? ከአሮጌ ቀበቶው ጫፍ ቆረጠና፣ ሁለቴ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ሰባተኛው አውታር ሥር ሸጎጣት። ማን ያውቃል አለ በልቡ። ለሚስቱም አልነገራት።

በዚያ አገር ወግ ነበራቸው። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በገና ሠሪዎች ሥራቸውን ወደ ደብሩ ግቢ ይልካሉ። ገዢውም ከየደብሩ፣ ከየገዳሙ ይሰበሰባል። መካከል ላይ አንድ አድማጭ ይቀመጣል። የዚህ ሰው ሥራ መስማት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ ዳቦም የሚበላው በጆሮው ነው። ደርዳሪው ይደረድራል፣ አድማጩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል፣ ሲያበቃ የሰማውን ለተሰበሰበው ሰው ይናገራል። ሠሪው ግን ወደ ግቢው አይገባም። ከድንጋዩ አጥር ውጭ ይቆማል።

«ለምን አይገባም?» አለች ምንትዋብ።

«ቆይ እደርስበታለሁ። አታቋርጪኝ።»

አድማጩ ደግሞ አመል ነበረው። ከጉድለት ነው የሚጀምረው። ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የት ላይ እንደሚያስቸግረው ነው ይል ነበር። ገዢዎቹ አመሉን ስለለመዱት እስኪጨርስ ይጠብቁታል። እንዲያውም የሚፈሩት ሌላውን ነው። «ምሰሶው ቀጥ ያለ ነው፣ ቆዳውም ንጹሕ ነው» ብሎ ሲጀምር ወዲያው ይረዱታል፤ ስለ ድምፁ የሚለው አጥቷል ማለት ነውና ወደሚቀጥለው በገና ይዞራሉ። የዚያ በገና ሠሪ ግን ከአጥር ውጭ ሆኖ ተመሰገንኩ ብሎ ሲስቅ ታገኚዋለሽ። እዚሁ «ደፋር ሙከራ» ሲባል ተሞገስኩ ብሎ በግ እንዳረደው ደራሲ በይው!

የእኛ ሰውዬ ተራ ደረሰ። ደርዳሪው በገናውን ጭኑ ላይ አቁሞ ጀመረ። ሰውየው ግንባሩን የአጥሩ ድንጋይ ላይ ደግፎ ይሰማል። ግቢው ውስጥ የነበረው ጫጫታ ትንሽ ቆይቶ ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። የሚያስል እንኳ አልነበረም። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ጌታን አመሰገነ። ድርደራው ሲያበቃ አድማጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰባተኛው አውታር ታንቋል» አለ። «ከሥሩ ያለችው ቆዳ የሌላ ናት። ሠሪው እዚህ ላይ ቸኩሏል።»

ቸኩሏል! የሦስት ዓመት ልፋት! የሰውየው ደም ወደ ራሱ ወጣ። ልብ በይ፣ አድማጩ ቢዋሽበት ኖሮ ስቆ ዝም ባለ ነበር። ያንገበገበው እውነት መሆኑ ነው። ሚስቱ እንኳ ያላወቀችውን፣ ለራሱም ደጋግሞ ማሰብ ያልፈለገውን ነገር፣ አንድ ፊቱን አይቶት የማያውቅ ሰው በአደባባይ አወጣበት።

ወጉን ረስቶ በበሩ ገባ። ሰውን እየገፈተረ መካከል ደረሰና በገናውን ከደርዳሪው ጭን ላይ መንጭቆ አነሳው።

«ኧረ በሕግ! ምን ሆነሃል፣ አንተ ሰው?» አለ ደርዳሪው።

አድማጩ ደንግጦ ቀና አለ። «ማን ነው የወሰደው? እኔ ገና አልጨረስኩም።»

«እኔ ጨርሻለሁ!» አለ ሰውየው።

ከተሰበሰበው መካከል አንዱ፣ «ይኸው፣ ቸኩሏል ብሏችሁ አልነበር!» ቢል ግቢው በሳቅ አውካካ። ሰውየው ያን ሳቅ በጀርባው ተሸክሞ ወጣ። አድማጩ ንግግሩን ሲቀጥል ድምፁ ይሰማው ነበር፤ ቃሉን ግን አልሰማም፣ ሊሰማም አልፈለገም።

ሚስቱ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ምነው ይዘኸው መጣህ?»

«ስድቤን ጠግቤ መጣሁ።»

«ምን አሉህ?»

«አዋረደኝ! በሰው ፊት አዋረደኝ።»

«እኮ ምን ብሎ?»

«ቸኩሏል አለ። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን! ሥራ ፈት! አንድ በገና እንኳ ሠርቶ አያውቅም!»

«የቱ ላይ ነው የቸኮልከው?»

ሰውየው በገናውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ከዚያስ ምን አለ?»

«ከዚያማ መጣሁ።»

«ሳይጨርስ?»

«ምን ቀረው ብለሽ ነው? ምኑን ልስማ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደህ የነበርከው አንተ!» ጎመኑን አስቀምጣ ተነሳች። «አንተ ሰው፣ ተቀመጥ። መጀመሪያ ያለውን ንገረኝ፤ ቁጣው የትም አይሄድብህም።»

ሰውየው ግን አልተቀመጠም። ያን ማገዶ አይፈለጥበትም ሲል የኖረውን መጥረቢያ አነሳ። ሚስቱ ክንዱን ልትይዝ ብትሮጥ አልደረሰችም። በገናውን ደጃፉ ላይ አጋድሞ በገበቴው መካከል አሳረፈበት።

አውታሮቹ በምቱ አንድ ላይ ተነዘሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዘጠኙ እየተንዘረዘሩ ረጅም ድምፅ አወጡ፤ ሚስቱ እንደነገረችን ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ሰባተኛው አልነዘረም። ታንቆ ቀረ። ሰውየው መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ ሰማው። በዚያች ሰዓት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አድማጩ የሰማው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በገናው ለሁለት ተሰንጥቋል።

ጋሽ ንጋቱ እዚህ ላይ አቆመ። አግዳሚው ላይ የተጣለውን ጋዜጣ አነሳና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«አለቀ?» አለች ምንትዋብ።

«እሱን ተይው። አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በገና ሠሪው አንቺ ነሽ። ጋዜጣው ላይ የጻፈው ሰውዬ አድማጩ ነው። በግቢው የተሰበሰቡት ደግሞ እነዚህ ናቸው» አለና በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው በአገጩ አሳያት። «ቅዳሜያቸውን የት እናሳልፍ፣ የትኛውን ትያትር እንይ የሚሉት። ሠሪው ለምን ከአጥር ውጭ እንደሚቆም ጠይቀሽኝ ነበር። ንግግሩ ለእሱ ስላልሆነ ነው! ስንት ዓመት ነው ይሄን የምናገረው! ልጄ፣ ሰውየው ደብዳቤ አልጻፈልሽም። ለእነሱ ነው የተናገረው፤ አንቺ ከአጥር ውጭ ሆነሽ ጆሮሽን ጣልሽ እንጂ። መስማትሽን አልነቅፍም፣ ይጠቅምሻል። ግን ለሌላ ሰው የሚነገረውን አድምጠሽ፣ ግማሽ ላይ ጥለሽ ሄደሽ፣ ከዚያ ሰደበኝ ትያለሽ!»

«እሺ፣ ግን ወድዶታል ወይስ...»

«ይኸው እንደገና! አድማጩ ወደድኩት ጠላሁት ሲል ሰማሽው? ሰባተኛው አውታር ነው ያለው። የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣ ነው የተናገረው። እንዲህ የሚልሽ ሰው ተቀምጦ ሰምቷል ማለት ነው። ግቢው ሳይገባ ከመንገድ ላይ የሚጮህም ሞልቷል። የእሱን አንብበሽ መጥተሽ ቢሆን ሻይ ጠጪና ወደ ሥራሽ ሂጂ ነበር የምልሽ። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ጋዜጣውን ሳታነቢ በምን ታውቂያለሽ?»

ትንሽ ትንፋሽ ወሰደና ንዴቱ ወደ ሌላ ዞረ።

«ሐያሲዎቹም እኮ ጻድቅ አይደሉም! ምናለ ሰው በሚገባው ቋንቋ ቢጽፉ? ባለፈው ዓመት አንዱ የጻፈውን ሦስት ጊዜ አስነብቤ፣ ትያትሩ ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝ አለ። መድረኩን የሠራሁት እኔው ነኝ! በይ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ምንትዋብ ጋዜጣውን ወሰደችና ቆማ አነበበች። ሐያሲው ትያትሩ ስለ ምን እንደሆነ በአጭሩ ይናገራል፤ ማን ማንን ሆኖ እንደሚሠራ ይናገራል። ከዚያ ድምፅዋ ሻከረ። «‹የእናትየዋን ሞት ለማየት ሁለት ሰዓት ሙሉ አዘጋጅታን ስታበቃ፣ ሞቷን ከመጋረጃ ጀርባ አድርጋ በአንድ መልእክተኛ አስነገረችን። የምንጠብቀውን ተዘርፈናል።› ይኸው! ሰሙ?»

«ሰማሁ። ለምን ከመጋረጃ ጀርባ አደረግሽው?»

ምንትዋብ ጋዜጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች።

«ምንትዋብ።»

«ትዕይንቱ አልጻፍ አለኝ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ልምምድ ሊጀመር አራት ቀን ቀርቶኝ ነበር። አምስት ጊዜ ሞክሬ ቀደድኩት። መልእክተኛ ይናገረው ብዬ ተገላገልኩ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«አይጥ በልታብሽ ነበራ» አለ ጋሽ ንጋቱ።

ምንትዋብ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ቀጥዪ እንጂ።»

«አልቋል። እዚህ ላይ...» ጋዜጣውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከአምዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ወደ ገጽ አሥራ አንድ ዞሯል ይላል። ከሐሙስ ጀምሮ ይዛው ስትዞር ገጽ አሥራ አንድን ገልጣው አታውቅም።

ጋሽ ንጋቱ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

ምንትዋብ ገለጠች። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው ማርና ወተት አልነበረም። ሰውየው ሌላ ሁለት ጉድለት ቆጥሮባታል፤ መብራቱ ያለ ምክንያት ይቀያየራል፣ ጎረቤቲቱም ስትገባ ስትወጣ ለምን እንደሆነ አይታወቅም ይላል። ስለ ጎረቤቲቱ ሲያነሳ ምንትዋብ «ይሄ እንኳ ውሸት ነው» ብላ አጉረመረመች፤ ጋሽ ንጋቱም «ይሁን፣ ሁሉን ያውቃል አላልኩሽም፣ አንብቢ» አላት። ከመጨረሻው አንቀጽ ስትደርስ ግን ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«‹ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዘንድሮ ካየኋቸው ትያትሮች ሁሉ ከራሴ አልወጣ ያለኝ ይኼኛው ብቻ ስለሆነ ነው። እናትየዋ መድረክ ላይ ስትሞት ማየት የፈለግኩት እውነተኛ ሰው ስለሆነችብኝ ነው። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ደግሜ እገባለሁ። እናንተም ግቡ።›»

ምንትዋብ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ ልጥራሽ?» አለ ጋሽ ንጋቱ።

«አይ፣ ተዉት። ይታይ።» ቦርሳዋን ከፍታ በረበረች። «እርሳስ አለዎት?»

ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አውርዶ ሰጣት። ጋዜጣው ዳር ላይ የእናትየዋን ስም ጻፈች፤ ከሥሩ አንድ መስመር ሞከረችና ሰረዘችው።

«ለዛሬ ግን አይደርስልኝም።»

«ለዛሬ ማን አለሽ? ኧረ በማርያም! ደግሞ ዛሬ ቸኩለሽ ጻፊና ሰውየው ሌላ ገጽ ይጨምርብሽ!»

ጋሽ ንጋቱ ዳዊቱን መልሶ ገለጠ። መስመሩ ጠፍቶበት ጣቱን ከላይ ወደ ታች ሲያንሸራትት ምንትዋብ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ በገና ሠሪው አባትዎ ናቸው አይደል? ሚስቲቱ ‹ቁጣው የትም አይሄድብህም› ስትለው፣ እርስዎ ለእኔ ያሉኝ ቃል ስለሆነ እኮ ነቅቻለሁ።»

«አባቴ ነው። ቃሏ የእናቴ ናት፤ እሱ የያዛት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። አንድ ሰው ነበረ እያልኩ የነገርኩሽ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው፤ አባቴ ብልሽ ኖሮ ስታዝኚልኝ ነገሩ ያመልጥሽ ነበር።»

«አባትዎ፣ አድማጩ በመጨረሻ ምን እንዳለ ሳያውቁ ነው ያረፉት?»

«አወቀ እንጂ!» አለ ጋሽ ንጋቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። «ባያውቅ ይሻለው ነበር። በሦስተኛው ቀን የተፈለጠውን ዋንዛ ምድጃው አጠገብ ሲደረድር አንድ መንገደኛ በር ላይ ቆመ። እግሩ አቧራ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ባዶ የበገና ማኅደር፣ ያን የቆዳ ከረጢት፣ አንጠልጥሏል። አባቴ ያ ሰው ያለውን ሲነግረን አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ነበር። እኔም አልለውጥም።

«‹እንደምን ዋልክ፣ ወንድሜ። አድማጩ፣ ሰባተኛውን ቆዳ ለውጡለት እንጂ ይህን የመሰለ በገና በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ብሎ ሲጨርስ ሰማሁና፣ ቤትህን ሳጠያይቅ ሦስት ቀኔ ነው። በገናው የት አለ?›»